መስኮቱ ቢዘጋም ሚዛኑ አይቆምም

አዳማ መውጫ ላይ ያለ የእህል መጋዘን ግቢ እናስብ። ከአርሲ ስንዴ ጭኖ የመጣ አይሱዙ የመኪና ሚዛኑ ላይ ወጥቷል። መዛኟ የሰሌዳ ቁጥሩን አስገብታ፣ 8,940 ኪሎ የሚለው ቁጥር እስኪረጋ ጠብቃ «መዝግብ» የሚለውን ተጫነች። በዚያው ቅጽበት ስክሪኑ ደርቆ ቀረ። ሹፌሩ ሞተር አላጠፋም፤ ከኋላው ሦስት መኪና ቆሟል፤ ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ «እንውረድ?» እያለ ነው። ምዘናው ተመዝግቧል ወይስ አልተመዘገበም?

ፕሮግራሙ ለዚህ መልስ ከሌለው መዛኟ ያላት ምርጫ ሁለት ነው። ደግማ ትጫናለች፤ አንዱ ጭነት ሁለት ጊዜ ይገባል። ወይም «ገብቷል» ብላ መኪናውን ታስወርዳለች፤ ያልገባ ከሆነ የሰው ስንዴ ያለ ወረቀት ይቀራል። ሁለቱም የሰው ገንዘብ ነው። ስለዚህ ለዓይን በሚታየው ፍሮንትኤንድና ከጀርባ በሚሠራው ባክግራውንድ ፕሮሰስ መካከል ያለው ንግግር «መልእክት ላክ፣ መልስ ጠብቅ» ተብሎ ብቻ አይታለፍም። ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን ኮድ ከመጻፉ በፊት መወሰን አለበት፤ መቋረጡ አይቀርምና።

ከዚህ በኋላ ፍሮንትኤንዱን «መስኮቱ»፣ ባክግራውንድ ፕሮሰሱን «ጀርባው» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ለምን ለሁለት ይከፈላል?

ምክንያቱ ሚዛኑ ራሱ ነው። የሚዛኑ ማሳያ ሳጥን ክብደቱን የሚልከው አርኤስ 232 በተባለ የመረጃ መላኪያ ገመድ ነው፤ በብዛት በሴኮንድ 9,600 ቢት። እያንዳንዱ ባይት ከመነሻና ከመድረሻ ምልክቱ ጋር 10 ቢት ስለሚወስድ በሴኮንድ 960 ባይት ይደርሳል ማለት ነው። ዊንዶውስ ላይ ይህ ገመድ የሚሰካበትን ወደብ በአንድ ጊዜ መክፈት የሚችለው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ይከለከላል። ሊኑክስ ላይ ሁለት ፕሮግራም ሊከፍተው ይችላል፤ ይሄ ደግሞ የባሰ ነው። የመጣውን ባይት ይሻሙታል፤ አንዱ 89 ሲያነብ ሌላው 40 ያነባል። ወደቡ አንድ ባለቤት ያስፈልገዋል፤ ባለቤቱም ሰው እንደፈለገ የሚከፍተውና የሚዘጋው መስኮት ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው ምክንያት የመስኮቱ ዋና ትሬድ (ትእዛዞቹ በተራ የሚፈጸሙበት መስመር) ነው። ስክሪን በሴኮንድ 60 ጊዜ እንዲታደስ ከተፈለገ ለአንዱ ዙር ያለው ጊዜ 16 ሚሊሴኮንድ ገደማ ነው። እዚያው ትሬድ ላይ ፕሪንተር መጠበቅ ወይም ወደብ ማንበብ ከተጀመረ መስኮቱ ይደርቃል፤ ዊንዶውስም 5 ሴኮንድ ያህል ምላሽ ያልሰጠን መስኮት «አይመልስም» ብሎ ይፈርጀዋል። ሰው እንዲህ ሲያይ የሚያደርገው ይታወቃል፦ ደጋግሞ ይጫናል፣ ከዚያ ይዘጋዋል። ሥራው መስኮቱ ውስጥ ከነበረ አብሮ ይሞታል።

ከዚህ የሚወጣው ደንብ አጭር ነው። እውነቱ ያለው ጀርባው ዘንድ ብቻ ነው። የትኛው መኪና ሚዛን ላይ ነው፣ የመጨረሻው የደረሰኝ ቁጥር ስንት ነው፣ ፕሪንተሩ ወረቀት አለው ወይ፤ መስኮቱ እነዚህን ያሳያል እንጂ አይዝም። መስኮቱ የራሱ ሊለው የሚገባው መዛኟ እየጻፈችው ያለውንና ገና ያልላከችውን ጽሑፍ ብቻ ነው።

የቱ መንገድ?

በጣም ቀላሉ መስኮቱ ጀርባውን ራሱ አስነስቶ በስታንዳርድ ኢንፑትና አውትፑት ፓይፕ (አንዱ ፕሮሰስ የጻፈውን ሌላው በሚያነብበት መስመር) ማነጋገር ነው። ፎቶ ለማሳነስ ወይም ፋይል ለመቀየር ለምትጠሩት ረዳት ፕሮግራም ይበቃል። ለሚዛን ግን አይሆንም፤ መስኮቱ ሲዘጋ ፓይፑም ይዘጋልና። የሚመርጠው ሰው ሦስት ነገር ይወቅ።

አንደኛ፣ አውትፑት ወደ ተርሚናል ሳይሆን ወደ ፓይፕ ሲሄድ የፕሮግራም ቋንቋዎቹ በባፈር (በጊዜያዊ ማጠራቀሚያ) ያጠራቅሙታል። ተርሚናል ላይ ሲሞከር ወዲያው የሚታየው መስመር ከመስኮቱ ጋር ሲያያዝ ባፈሩ እስኪሞላ አይመጣም። ከእያንዳንዱ መልእክት በኋላ ፍላሽ ማድረግ (የተጠራቀመውን ወዲያው መልቀቅ) ግድ ነው። ሁለተኛ፣ ለስህተት መልእክት የተለየው ስታንዳርድ ኤረር ፓይፕ አንባቢ ከሌለው ይሞላል። ሊኑክስ ላይ አንድ ፓይፕ በተለምዶ 65,536 ባይት ይይዛል፤ ሲሞላ ጸሐፊው እዚያው ይቆማል። በሰዓት ጥቂት መስመር የሚጽፍ ጀርባ ይህን ለመሙላት ቀናት ስለሚወስድበት፣ ለሙከራ ጊዜ ደህና ሆኖ ይሰነብትና ደንበኛ ዘንድ ያለ ምንም የስህተት ምልክት ይቆማል። ሲቆም ደግሞ ሎግ (ፕሮግራሙ የሚጽፈው የሥራ መዝገብ) ላይ ምንም የለም፤ የቆመው ሎግ ሲጽፍ ነውና። መፍትሔው ስታንዳርድ ኤረርን በፋይል መቀበል ወይም ሁልጊዜ የሚያነብ ትሬድ መመደብ ነው። ሦስተኛ፣ ለፍተሻ ተብሎ የተጻፈ አንድ «ፕሪንት» መልእክት በሚሄድበት አውትፑት ላይ ከወጣ መስኮቱ እንደ መልእክት ሊተነትነው ይሞክርና ይወድቃል። የራሳችሁን ኮድ ብትጠነቀቁ እንኳ የሰው ላይብረሪ ሊያደርገው ይችላል።

ሁለቱም አንድ ማሽን ላይ ከሆኑ እኔ የምመርጠው ሊኑክስ ላይ ዩኒክስ ሶኬት፣ ዊንዶውስ ላይ ኔምድ ፓይፕ ነው፤ ሁለቱም ፕሮሰሶች በስም ተፈላልገው የሚገናኙባቸው መስመሮች ናቸው። ዩኒክስ ሶኬት በፋይል ስም ስለሚታወቅ በፋይል ፈቃድ ይጠበቃል፤ 0600 (ባለቤቱ ብቻ የሚያነብና የሚጽፍበት ፈቃድ) የተሰጠውን ሶኬት ሌላ ተራ ተጠቃሚ አይነካውም። ከዚያም በላይ ጀርባው የደወለው ፕሮሰስ የማን እንደሆነ ከርነሉን (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት) መጠየቅ ይችላል። የፋይሉ ስም ከነዱካው ሊኑክስ ላይ 108 ባይት ውስጥ መግባት አለበት። ጀርባው ድንገት ሲሞት የሶኬት ፋይሉ እዚያው ስለሚቀር፣ ዳግም ሲነሳ «አድራሻው ተይዟል» ይባላል። ብዙ ሰው ሲነሳ ፋይሉን ዝም ብሎ ይሰርዘዋል፤ ያኔ ሌላ ጀርባ እየሠራ ከነበረ ሁለት ጀርባ አንድ ሚዛን ላይ ይነሳል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል መጀመሪያ በሌላ ፋይል ላይ አንድ ፕሮሰስ ብቻ የሚይዘውን የከርነል ቁልፍ መያዝ፣ ቁልፉ ከተገኘ ብቻ የድሮውን ሶኬት መሰረዝ ነው። የፕሮሰስ ቁጥር ፋይል ላይ ጽፎ መፈተሽ አያስተማምንም፤ ያ ቁጥር ከዳግም ማስነሳት በኋላ ለሌላ ፕሮሰስ ሊሰጥ ይችላል። የከርነል ቁልፍ ግን ያዡ ሲሞት ራሱ ይለቀቃል።

መስኮቱ ብሮውዘር ከሆነ፣ ወይም የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ያለ ሌላ ኮምፒውተርም ማየት ካለበት፣ በኔትወርክ የሚያገናኘው ቲሲፒ ይመጣል። ለራሱ ማሽን ብቻ ከሆነ 127.0.0.1 (ማሽኑ ከራሱ ጋር ብቻ የሚነጋገርበት አድራሻ) ላይ አድምጡ እንጂ 0.0.0.0 (የማሽኑ አድራሻዎች ሁሉ) ላይ አይደለም፤ ሁለተኛው ዋይፋዩ ላይ ላለ ስልክ ሁሉ ሚዛኑን ይከፍታል። «ሎካልሆስት» የሚለው ስም አንዳንዴ መጀመሪያ ወደ አይፒ 6 አድራሻ ስለሚተረጎም፣ ጀርባው በአይፒ 4 ብቻ ሲያደምጥ «አልተገናኘም» የሚል ስህተት ይመጣል፤ ቁጥሩን ራሱን መጻፍ ይሻላል። 127.0.0.1 ላይ መሆን ብቻውንም ጥበቃ አይደለም። መዛኟ በዚያው ኮምፒውተር የከፈተችው ማንኛውም ድረ ገጽ ወደዚያ ወደብ ጥያቄ ለመላክ ሊሞክር ይችላል። በተለይ ዌብሶኬትን (በብሮውዘርና በጀርባው መካከል ክፍት ሆኖ የሚቆይ ግንኙነት) ብሮውዘሩ ገጽን ከገጽ የሚለይበት ደንብ አይመለከተውም፤ ጥያቄው ከየትኛው ገጽ እንደመጣ የሚናገረውን ኦሪጂን የሚባል ራስጌ መፈተሽ የጀርባው ሥራ ነው። ከዚያ ጋር ጀርባው በተነሳ ቁጥር አዲስ ምስጢር ፈጥሮ ባለቤቱ ብቻ በሚያነበው ፋይል ያስቀምጥ፤ ምስጢሩን ያላመጣ ጥያቄ አይስተናገድ።

«ስንዴ» ዘጠኝ ባይት ነው

ሶኬት የባይት ጅረት ነው፤ መልእክት የሚባል ነገር አያውቅም። አንድ ጊዜ የተላከ በሁለት ንባብ ሊደርስ ይችላል፤ ሁለት ጊዜ የተላከም በአንድ። ስለዚህ የመልእክቱን ዳር የምናበጀው እኛ ነን። የተለመደው ከፊት አራት ባይት ርዝመት ጽፎ ይዘቱን ማስከተል ነው። አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው፦ ርዝመቱ የሚቆጠረው በባይት እንጂ በፊደል አይደለም።

«ስንዴ» ሦስት ፊደል ነው። ፊደል ወደ ባይት በሚቀየርበት በዩቲኤፍ 8 ደንብ ግን እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚወስድ ዘጠኝ ባይት ይሆናል። ላኪው «ርዝመት 3» ብሎ «ስንዴ»ን ቢልክ፣ ተቀባዩ ሦስት ባይት ያነብና «ስ» ብቻ ይይዛል። የቀሩትን ስድስት ባይቶች የሚቀጥለው መልእክት መጀመሪያ አድርጎ፣ ከእነሱ አራቱን እንደ ርዝመት ይተረጉማል። «ን» እና የ«ዴ» የመጀመሪያ ባይት ተደምረው እንደ ቁጥር ሲነበቡ ከ3.7 ቢሊዮን በላይ ይሆናሉ። ተቀባዩ 3.7 ቢሊዮን ባይት እስኪመጣለት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ስህተት አልተፈጠረም፣ ሎግ የለም፣ ግንኙነቱም ክፍት ነው። በላቲን ፊደል የተሞከረው ሁሉ አልፏል፤ የመጀመሪያው የአማርኛ ስም ሲገባ ብቻ ይቆማል። መጀመሪያ ወደ ባይት ቀይሩ፣ ከዚያ ቁጠሩ። ተቀባዩም ጣሪያ ይኑረው፤ ለእንዲህ ያለ ሥራ አንድ ሚሊዮን ባይት ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ ያለፈ ርዝመት ከመጣ ሎግ ጽፎ ግንኙነቱን ይዝጋ።

ሌላው ተመሳሳይ ችግር የፊደል መሰበር ነው። ባፈሩ 4,096 ባይት ከሆነና የሚመጣው ሙሉ በሙሉ የግዕዝ ፊደል ከሆነ፣ 4,096 ለ3 ሲካፈል 1 ስለሚተርፍ የመጨረሻው ፊደል አንድ ባይቱ እዚህ፣ ሁለቱ ወዲያ ይቀራሉ። እያንዳንዱን ንባብ ለየብቻ ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ኮድ በነጋዴው ስም መሀል የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር አልማዝ ያሳያል። መልእክቱ ሙሉ ሆኖ ሳይሰበሰብ ወደ ጽሑፍ አይቀየርም። ዊንዶውስ ላይ ፓይተን ለሚጠቀሙ ደግሞ፦ አውትፑቱ ፓይፕ ሲሆን ፓይተን በዩቲኤፍ 8 ፋንታ የሲስተሙን የቆየ ኮድ ገጽ (የፊደል ሠንጠረዥ) ሊመርጥ ይችላል፤ እዚያ ውስጥ ግዕዝ ስለሌለ የመጀመሪያው «አ» ላይ ይወድቃል። ፓይተኑን በዩቲኤፍ 8 ሞድ ማስነሳት ይበቃል።

መልእክቶቹ ትንንሽ ከሆኑ በየመስመሩ አንድ ጄሶን (መረጃ በጽሑፍ የሚቀመጥበት ቅርጽ) መላክም ጥሩ ነው። በጽሑፍ ውስጥ ያለ አዲስ መስመር ጄሶን ራሱ በምልክት ስለሚተካው መስመሩ አይሰበርም፤ ችግር ሲመጣም በዓይን ይነበባል። እኔ ለሚዛን ይህንን እመርጣለሁ። ክብደት በሙሉ ኪሎ፣ ገንዘብ በሳንቲም፣ ሁለቱም ያለ ነጥብ ሙሉ ቁጥር ይሁኑ። ረጅም መለያ ቁጥሮች ደግሞ በጽሑፍ መልክ ይሂዱ፤ ጃቫስክሪፕት ከ9,007,199,254,740,991 በላይ ያለን ሙሉ ቁጥር በትክክል ለመያዙ ዋስትና የለውም፤ የመጨረሻው አሃዝ ዝም ብሎ ይቀየራል።

መልስ ካልመጣ

አሁን ወደ መዛኟ እንመለስ። ጥያቄ ልከን መልስ ካልመጣ ሁኔታው ሦስት ዓይነት ነው፦ ጥያቄው አልደረሰም፤ ደርሶ ሥራው አልተሠራም፤ ወይም ሥራው ተሠርቶ መልሱ መንገድ ላይ ጠፋ። ከመስኮቱ በኩል ሦስቱ አይለዩም። ታይምአውት (የመጠበቂያው ጊዜ ማለቅ) «አልተሳካም» ማለት አይደለም፤ «አላውቅም» ማለት ነው። ብዙ ፕሮግራም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ታይምአውት ሲደርስ ቀይ ጽሑፍ አውጥቶ «አልተመዘገበም፣ እንደገና ይሞክሩ» ይላል። ይህ ለተጠቃሚው ያልታወቀን ነገር እንደታወቀ መንገር ነው።

መውጫው ያው ጥያቄ አሥር ጊዜ ቢላክ ውጤቱ እንደ አንድ ጊዜ እንዲሆን ማድረግ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። መኪናው ሚዛን ላይ ሲወጣና መዛኟ አዲስ ቅጽ ስትከፍት፣ መስኮቱ ጀርባውን «አዲስ ምዘና ክፈት» ይለዋል፤ ጀርባው መለያ ይሰጠዋል። ይህ ጥያቄ በስህተት ሁለቴ ቢላክ የሚጎዳ ነገር የለም፤ አንድ ባዶ ምዘና ተከፍቶ ይቀራል፣ በኋላም ይጸዳል። ከዚያ «መዝግብ» ሲባል መለያው አብሮ ይሄዳል። መለያው የሚፈጠረው ቁልፉ ሲጫን ከሆነ ግን ጥቅሙ ይጠፋል፤ ሁለት ጊዜ መጫን ሁለት መለያ ይሆናልና።

ጀርባው ጥያቄው ሲደርሰው በአንድ ትራንዛክሽን (ወይ ሙሉ በሙሉ የሚጻፍ ወይ ጨርሶ የማይጻፍ ሥራ) ውስጥ መለያው መመዝገቡን ይፈትሻል፤ ካልተመዘገበ የደረሰኝ ቁጥር ሰጥቶ ይጽፋል፣ ኮሚት ያደርጋል (የጻፈውን ያጸናል)፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ይመልሳል። ቀድሞ ተመዝግቦ ከነበረ ስህተት አይመልስም፤ ያንኑ የመጀመሪያውን መልስ ከነደረሰኝ ቁጥሩ ይመልሳል። መለያው አንድ ሆኖ ሰሌዳው ከተለየ ግን ያኔ በግልጽ ይከልክል። ዳታቤዙ ላይም የመለያው ዓምድ አይደገሜ መሆን አለበት፤ ሁለት ትሬድ እኩል ቢመጡ የመጨረሻው ዘብ እሱ ነው።

«ከኮሚት በኋላ» የሚለው ቃል ዲስኩ ላይ እውነት መሆን አለበት። ኤስኪውላይት የተባለው ዳታቤዝ በዋል ሞድ (ለውጥን መጀመሪያ በተለየ መዝገብ በሚጽፍበት አሠራር) ሲሠራ፣ ሲንክሮነስ የሚባለው ቅንብር «ኖርማል» ላይ ከሆነ መብራት ሲሄድ ዳታቤዙ አይበላሽም፤ ነገር ግን የመጨረሻዎቹ ኮሚቶች ወደ ኋላ ሊመለሱ ይችላሉ። ለመዛኟ «ተመዝግቧል» ያልነው ሲነጋ የለም ማለት ነው። ለምዘናና ለገንዘብ «ፉል» ይሁን። ፍጥነቱ ትንሽ ይቀንሳል፤ በደቂቃ አንድ መኪና ለሚመዝን ሥራ ግን ልዩነቱ አይታወቅም።

ፕሪንተር ትራንዛክሽን ውስጥ አይገባም፤ የወጣን ወረቀት መመለስ አይቻልም። ስለዚህ «ይታተም» የሚለው ትእዛዝ በዚያው ትራንዛክሽን ዳታቤዝ ላይ ይጻፋል፤ ሌላ ትሬድ ከዚያ እያነሳ ያትማል። ሲታተም መሀል ላይ ከተቋረጠ ወረቀቱ ወጥቶ ይሁን አይሁን አይታወቅምና፣ ዳግም የሚወጣው ላይ «ቅጂ» ተብሎ ይታተም። የደረሰኝ ቁጥሩ ያው ስለሆነ ሁለት ወረቀት ቢኖርም ምዘናው አንድ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ የሚመዘገበው ክብደት የማን ነው? መስኮቱ ላይ 8,940 ተጽፎ መዛኟ ስትጫን፣ ጥያቄው ጀርባው ጋ እስኪደርስ ረዳቱ ወርዶ ሚዛኑ 8,880 ሊል ይችላል። መስኮቱ ቁጥሩን ራሱን ከላከ ደግሞ መልእክት መላክ የሚችል ሰው ሁሉ የፈለገውን ክብደት መጻፍ ይችላል። ጀርባው ለእያንዳንዱ ንባብ ተከታታይ ቁጥር ይስጥ፤ መስኮቱ ሲመዘግብ ክብደቱን ሳይሆን ያሳየውን ንባብ ተከታታይ ቁጥር ይላክ። ጀርባው ያ ንባብ «ረግቷል» የሚል ምልክት ያለው መሆኑንና ከሁለት ሴኮንድ ያላለፈው መሆኑን አይቶ፣ ራሱ የያዘውን ክብደት ይጻፍ። መዛኟ ያየችውና ወረቀቱ ላይ የወጣው አንድ ይሆናሉ፤ በመሀል የሚነካው ሰውም አይኖርም።

መጣሉ የማይጎዳና ፈጽሞ የማይጣል

ሚዛኑ በሴኮንድ አሥር ጊዜ ክብደት ቢልክ በሰዓት 36,000 ንባብ ነው። መስኮቱ ለጥቂት ጊዜ ቢዘገይ ጀርባው እነዚህን ማጠራቀም የለበትም። የክብደት ንባብ የሚያስፈልገው የመጨረሻው ብቻ ነው፤ ለእያንዳንዱ መስኮት የአንድ ንባብ ቦታ ይያዝና አዲስ ሲመጣ የቀድሞው ይተካ። «ተመዘገበ»፣ «ወረቀት አለቀ»፣ «ምዘናው ተሰረዘ» የሚሉት ግን አንዱም አይጣልም፤ በተራ ይሰለፋሉ። ሰልፉ ገደብ ይኑረው፤ አንድ ሺህ ከደረሰ መስኮቱ እያነበበ አይደለምና ጀርባው ግንኙነቱን ይዝጋው። በአንድ የደረቀ መስኮት ምክንያት ሚዛኑን የሚያነበው ትሬድ መጠበቅ የለበትም።

የተዘጋበት መስኮት ተመልሶ ሲደውል ያለፈውን ሁሉ አይጠይቅም፤ «አሁን ያለውን ሁኔታ ስጠኝ» ይላል። ጀርባው ሙሉውን ሁኔታ ከተከታታይ ቁጥሩ ጋር ይሰጠዋል፦ የተከፈተ ምዘና፣ የመጨረሻው ደረሰኝ፣ የፕሪንተሩ ሁኔታ። ሁኔታውን ወስዶ ለዜና (ጀርባው ለሚልከው የለውጥ መልእክት) እስኪመዘገብ ባለው ክፍተት የመጣ ለውጥ እንዳይጠፋ ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ፤ መጀመሪያ ለዜናው መመዝገብ፣ ከዚያ ሁኔታውን መውሰድ፣ ቁጥሩ ከሁኔታው ቁጥር ያነሰውንና እኩል የሆነውን ዜና መተው። ይህ ከተሠራ መስኮት መዝጋትና መክፈት፣ ኮምፒውተር ማስነሳት፣ ከሌላ ማሽን መግባት ሁሉም በአንድ መንገድ ይስተናገዳሉ። መዛኟም ከደረቀው መስኮት ስትመለስ «8,940 ኪሎ፣ ተመዝግቧል» የሚለውን ከነደረሰኝ ቁጥሩ ታያለች።

ግንኙነት ሲቋረጥ የመጨረሻው ክብደት ስክሪኑ ላይ እንዳለ መቆየት የለበትም። የቆየ ቁጥር እንደ አሁን ቁጥር ከመታየት የባሰ ነገር የለም። ከአንድ ሴኮንድ በላይ አዲስ ንባብ ካልመጣ ቁጥሩ ይጥፋ፣ ቁልፉም አይሥራ፣ «ከሚዛኑ ጋር ግንኙነት የለም» የሚል ጽሑፍ ይውጣ።

ዝምታ

አንድ ማሽን ላይ ጀርባው ሲሞት ከርነሉ ሶኬቱን ስለሚዘጋ መስኮቱ ወዲያው ያውቃል። በኬብል የተገናኘ ሌላ ማሽን ላይ ግን የሚዛኑ ክፍል መብራት ሲሄድ ማንም «ዘግቻለሁ» አይልም። የቲሲፒ የራሱ ኪፕአላይቭ (ሌላው ወገን መኖሩን የሚጠይቀው መልእክት) መደወል የሚጀምረው በተለምዶ ከ7,200 ሴኮንድ በኋላ ነው፤ ያውም ከተከፈተ። ቢሮ ያለው መስኮት ለሁለት ሰዓት እንደተገናኘ ይኖራል። በየ5 ሴኮንዱ አጭር መልእክት ተለዋወጡ፤ 15 ሴኮንድ ምንም ካልመጣ ተዘግቷል በሉ። ዳግም መደወያው በሩብ ሴኮንድ ይጀምርና እየተባዛ 5 ሴኮንድ ላይ ይቁም።

እነዚህ ልኬቶች ሁሉ ወደ ኋላ በማይሄደው የሲስተሙ ሰዓት ይቆጠሩ፤ በግድግዳው ሰዓት አይደለም። የማዘርቦርድ ባትሪው ያለቀ ኮምፒውተር መብራት ሄዶ ሲመለስ በዓመታት ወደ ኋላ ይነሳል፤ ከዚያ ኢንተርኔት ሲያገኝ ወደፊት ይዘላል። በመልእክቱ ውስጥ የሚሄደው ጊዜ ደግሞ ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ብቻ ይሁን። ኢትዮጵያ ከዩቲሲ ሦስት ሰዓት ትቀድማለች፤ በዚያ ላይ የሰዓት አቆጣጠራችን ስድስት ሰዓት ይለያል፤ የቀን መቁጠሪያችን ደግሞ ጳጉሜን ጨምሮ 13 ወር ነው። «3 ሰዓት» ተብሎ የተላከ ጊዜ የጠዋቱ ይሁን የሌሊቱ፣ በየትኛው አቆጣጠር ይሁን አይታወቅም። ወደ ኢትዮጵያ ሰዓትና ቀን መቀየር የመስኮቱና የደረሰኝ አታሚው ሥራ ብቻ ነው።

አነሳሱ ላይ ጥቂት ነገር። ሲስተምዲ (ሊኑክስ ላይ አገልግሎቶችን የሚያስነሳው ፕሮግራም) የወደቀን አገልግሎት እንዲያስነሳ ቢታዘዝም፣ በራሱ ቅንብር በ10 ሴኮንድ ውስጥ 5 ጊዜ ከተነሳ በኋላ ይተወዋል፤ በመነሳት መካከል ያለው ዕረፍት ደግሞ 100 ሚሊሴኮንድ ነው። የሚዛኑ ዩኤስቢ ገመድ ስላልተሰካ የሚወድቅ ጀርባ በጥቂት ሴኮንድ አምስቱን ጨርሶ፣ ገመዱ ሲሰካ ማንም አያስነሳውም። ዕረፍቱን 3 ሴኮንድ ማድረግ ይረዳል፤ የተሻለው ግን ጀርባው ገመድ ስለጠፋ አለመውደቁ ነው። ተነስቶ «ሚዛን አልተገኘም» የሚል ሁኔታ ይናገር፣ በየጊዜውም ይሞክር። ገመዱ ተነቅሎ ሲሰካ የወደቡ ቁጥር ከ0 ወደ 1 ሊቀየር ስለሚችል፣ ሊኑክስ ላይ በቁጥሩ ሳይሆን በመሣሪያው መለያ የተሰየመውን ዱካ ተጠቀሙ። በሲ የተጻፈ ጀርባ ደግሞ በተዘጋ ሶኬት ላይ ሲጽፍ ሲግፓይፕ የሚባል ሲግናል (ከርነሉ ለፕሮሰስ የሚልከው ምልክት) ስለሚገድለው ያንን ሲግናል ችላ እንዲል መደረግ አለበት፤ አለዚያ መስኮት በተዘጋ ቁጥር ሚዛኑ ይቆማል።

ስትገናኙ የመጀመሪያው መልእክት የፕሮቶኮሉ (የመነጋገሪያው ደንብ) ስሪት ቁጥር ይሁን። መስኮቱ ታድሶ ጀርባው የድሮው ሆኖ መቆየት የተለመደ ነው፤ «ጀርባው መታደስ አለበት» የሚል ግልጽ ጽሑፍ በማይገባ የጄሶን ስህተት ከመደናገር ያድናል።

ሙከራው

መስኮቱን መግደል ሁሉም ይሞክራል። የማይሞከረው ጀርባውን ሳይገድሉ ማስቆም ነው። ሊኑክስ ላይ ሲግስቶፕ (ባለህበት ቁም የሚል ሲግናል) ላኩለት፤ ግንኙነቱ ክፍት ሆኖ ዝም ይላል። መስኮቱ ደረቀ? ቁጥሩ ጠፋ? ከ20 ሴኮንድ በኋላ በሲግኮንት ልቀቁት፤ የተጠራቀመው ጥያቄ አንድ ጊዜ ብቻ ተፈጸመ?

ቀጥሎ በመሀላቸው አንድ አንድ ባይት እየቆረሰ የሚያሳልፍ ትንሽ ፕሮግራም አስገቡ፤ የነጋዴው ስም ረጅም አማርኛ ይሁን። ከ30 መስመር ያልበለጠ ኮድ ነው፤ የፊደል መሰበርንና የርዝመት ስህተትን ባንዴ ያወጣል።

ከዚያ ዋናው። 200 ምዘና በተከታታይ የሚልክ ስክሪፕት ጻፉ፤ መልስ ካላገኘ በዚያው መለያ እስኪያገኝ ይድገም። እሱ እየላከ ሌላ ስክሪፕት ጀርባውን በዘፈቀደ ጊዜ በሲግኪል ይግደለው፣ ሲስተምዲ ያስነሳው። ለዚህ ሙከራ የአነሳስ ገደቡን ማንሳት አትርሱ። ሲያልቅ ዳታቤዙ ውስጥ 200 መዝገብ፣ 200 የተለያየ የደረሰኝ ቁጥር መኖር አለበት፤ ስክሪፕቱ በመልስ የተቀበላቸው ቁጥሮችም ከእነዚያ ጋር አንድ በአንድ መግጠም አለባቸው። 199 ከሆነ መልሱ ከኮሚት በፊት ወጥቷል፤ 201 ከሆነ መለያው የሆነ ቦታ እንደገና እየተፈጠረ ነው። ሲግኪል ፕሮሰሱን እንጂ ዲስኩን አይፈትንምና፣ መጨረሻ ላይ ዩፒኤሱን አስወግዳችሁ ሙከራው መሀል ላይ እያለ የኮምፒውተሩን መሰኪያ ንቀሉና ቆጠራውን ድገሙት።